ነርሶች ስለምን ይሰደዳሉ?

ከአገሯ ወጥታ በባዕድ ምድር ሕሙማንን የምታገለግል ነርስ ወገኗን ከዳች ልንላት ይገባልን? የፊሊፒንስን ሁኔታ እንመልከት።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረችው የልውውጥ መርሐ ግብር በሩን ከከፈተ ወዲህ ከዚያች አገር እጅግ ብዙ ነርሶች ወጥተዋል። የሚያስወጣቸው የደመወዝ ማነስ፣ የሥራ ጫናና የቤተሰብ ችግር ነው፤ ካገኙትም ለወላጆቻቸውና ለታናናሾቻቸው ይልካሉ። ይህ ፍቅር እንጂ ክህደት አይደለም።

ነገር ግን በአገር ቤት የቀረው ሕመምተኛም ባልንጀራችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ቀጣሪ አገሮች ላኪዎቹን እንዲረዱ ይጠይቃል፤ ሆኖም አያስገድድም። እንግዲህ ወቀሳው የሠራተኛን ተገቢ ዋጋ በሚያጓድልና ሌላው ያስተማረውን ያለ ምላሽ በሚወስድ ላይ ይሁን። ነርሷን «ቅሪ» ለማለት የምንችለው፣ መቅረቷ ቤተሰቧን የማያስርብ ሲሆን ብቻ ነው።