ከመከፋፈላችሁ በፊት

ልጄ፣ የአባትሽ ተዝካር ወጣ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ንብረቱ እንዴት እንደሚከፈል ነው። ወፍጮ ቤቱ አለ፣ አይሱዙዋ አለች፣ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ሱቅ አለች፣ ፋግታ ያለው የዲከረንስ ዛፍ መሬትም አለ። እናንተ አራት ናችሁ። ሽማግሌ ተጠርቶ ለአንዱ ወፍጮው፣ ለአንዱ መኪናዋ ቢባል በሁለት ቀን ያልቃል። ማለቁ ደግሞ ነው የሚያሰጋኝ። እባክሽ አትቸኩዪ።

ሕጉ ለልጆች ሁሉ እኩል ይሰጣል፤ ወንድ ሴት አይልም። ያ መብትሽ ነው፤ ማንም አይነካብሽ፤ ቢነኩብሽ ከጎንሽ እቆማለሁ። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አራታችሁም ድርሻችሁን አግኝታችሁ ሥራው እንዳይጠፋ ነው የምፈራው። በዳንግላም በቻግኒም ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አባት ሠላሳ ዓመት የለፋበት ሱቅ፣ ልጆቹ በሰላም ተካፍለው፣ በሦስተኛው ዓመት በሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጻፈ። ጠብ አልነበረም። ክፉ ልጅም አልነበረም። ወፍጮው ያለ መኪናው፣ መኪናው ያለ ሱቁ መቆም አልቻሉም እንጂ።

አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ስለዚህ ራቅ ያለ አገር ታሪክ ልንገርሽ። በስዊድን ዋለንበርግ የሚባል ቤተሰብ አለ። የመጀመሪያው ባለባንክ አንድሬ ኦስካር ዋለንበርግ የጳጳስ ልጅ ሲሆን የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 በስቶክሆልም ባንክ ከፈተ። በ1864 ሴት ልጅ በባንኩ ቀጠረ፤ በዚያ ዘመን በስዊድን ይህ ያልተለመደ ነበር። አንቺ እንድታውቂው ብዬ ነው ያነሳሁት። በ1870ዎቹ መጨረሻ ቀውስ መጥቶ ባንኩ ሊወድቅ ጥቂት ቀረው። አልወደቀም። ሰውየው በ1886 ሲያርፍ ብዙ ልጆች ነበሩት። ታዲያ ባንኩን ቆራርሰው አልተካፈሉትም። ልጁ ክኑት መራው፤ ከእሱ ቀጥሎ ወንድሙ ማርከስ መራው፤ ከዚያ የማርከስ ልጆች ተረከቡ። ዛሬ አምስተኛው ትውልድ ወንበሩ ላይ ነው፤ ስድስተኛው ሥራ እየለመደ ነው።

የዚህ ቤተሰብ እጅ ያለበትን ስትሰሚ ትገረሚያለሽ። የስልክ መሣሪያ የሚሠራው ኤሪክሰን፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራው ኤቢቢ፣ የማዕድን ቁፋሮ መሣሪያ በመሥራት ስሙ የገነነው አትላስ ኮፕኮ፣ አውሮፕላን የሚሠራው ሳብ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ከገዛቸው አውሮፕላኖች የሳብ ሥራዎች ነበሩበት። በ2013 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው የኮሮና ክትባት የአስትራዜኔካ ነበር፤ እዚያም ድርሻ አላቸው። ስማቸው ግን በየፋብሪካው በር ላይ ተለጥፎ አታገኚውም። የቤተሰቡ መፈክር መሆን እንጂ መታየት አይደለም የሚል ነው።

አሁን ልብ በይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስዊድን ውስጥ ባንክ የኢንዱስትሪ አክሲዮን ይዞ እንዳይቆይ ሕጉ ጠበቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ኢንቬስተር የሚባል ኩባንያ አቋቁመው አክሲዮኖቹን ወደዚያ አዛወሩ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1917፣ ክኑትና ባለቤቱ አሊስ በ20 ሚሊዮን ክሮኖር በስማቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። ዛሬ የኢንቬስተር ትልቁ ባለድርሻ ያ ድርጅትና እሱን የመሰሉ የቤተሰቡ ድርጅቶች ናቸው። ትርፉ ወደ ማን ይሄዳል መሰለሽ? ወደ ምርምርና ወደ ትምህርት ነው። ባለፉት ዓመታት በየዓመቱ ከ2 ቢሊዮን ክሮኖር በላይ ለሳይንስ ሲሰጥ ቆይቷል። የዋለንበርግ ልጅ ቦርድ ላይ ይቀመጣል፤ ይመራል፤ ደመወዝ ያገኛል። ሀብቱን ግን ተካፍሎ ወደ ቤቱ አይወስደውም። ሲሞት አይወረስም። ሲፋታ አይከፈልም። ሲሰክር አይሸጥም። ሥራው ከእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ በላይ እንዲሆን አድርገው አስቀመጡት።

እንከን የለባቸውም አልልሽም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባንካቸው ለጀርመኑ ቦሽ ሽፋን ሆኖ የውጭ ኩባንያዎቹን በስሙ ይዞለት ነበር፤ በዚህም አሜሪካኖች ቀጡት። ከዚያው ቤተሰብ የወጣው ራውል ዋለንበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 በቡዳፔስት በሺህ የሚቆጠሩ አይሁዳውያንን ከሞት ለማዳን ደከመ፤ በ1945 ሩሲያኖች ይዘውት እንደወጣ ቀረ። በአንድ ቤት ሁለቱም ነበሩ። ሌላም ነገር አለ፤ ከአክሲዮኖቻቸው አንዳንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ድምፅ አለው፤ ያ ለአንድ ቤተሰብ የሚበዛ ሥልጣን ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ባንኩ ከሌላ ትልቅ ባንክ ጋር ሲዋሐድ የማርከስ ልጆች፣ ወንድማማቾቹ ያዕቆብና ትንሹ ማርከስ፣ እርስ በርስ አልተስማሙበትም ነበር። ተቀያየሙ። ሥራው ግን በነሱ ቅያሜ አልፈረሰም፤ ከነሱ ውጭ የሚቆምበት እግር ነበረውና።

እኛ ዘንድስ? ሩቅ አትሂጂ። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማን ዳንግላ ተቀምጦ በነበረበት ዘመን ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የንጉሥ ልጅ ናቸው፤ ንግድም ያውቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ከመኳንንቱ መካከል ገንዘብን እንደ እሳቸው ያሰበ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ላይ ታክሲና ሲኒማ ቤት እስከ ማሠራት ደርሰዋል። ግን ገንዘቡ ሁሉ የሳቸው ነበር፤ በሳቸው ስም፣ በሳቸው ሥልጣን፣ ከገበሬው በተሰበሰበ ከባድ ግብር። በ1924 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱን ማምለጥ ረድተዋል ተብለው ሲታሰሩ ንብረታቸው ተወረሰ። ሰው ሲወድቅ ሀብቱ አብሮት ወደቀ። በዚያ ሀብት የተሠራ ትምህርት ቤት ወይም ሐኪም ቤት ዳንግላ ላይ ላሳይሽ ብል አልችልም።

በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ ከዚያም 72 ኩባንያዎችን ወረሰ። ያን ጊዜ በደንብ የተደራጀውም አብሮ ሄዷል፤ ሥርዓት ያለው ሥራ ሁልጊዜ ይተርፋል ብዬ አላታልልሽም። መንግሥት ሲወስድ ይወስዳል። እኛ ግን መንግሥት ሳይነካን ራሳችን ስንበትነው ነው የኖርነው። ይህኛው በእጃችን ነው።

በኛ አገር ቤተሰብ ባንክ ይያዝ ማለቴ እንዳይመስልሽ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ አዋጅ አንድ ሰው ከባለቤቱና ካልደረሱ ልጆቹ ጋር ተደምሮ እንኳ ከ5 በመቶ በላይ የባንክ አክሲዮን እንዳይዝ ከልክሎ ነበር። እኔ ያን ሕግ ወድጄው ነበር፤ ባንክ የብዙ ሰው አደራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ከ100 ሺህ በላይ ባለአክሲዮን ይዞ ነው የተነሳው። አባትሽም የባንክ አክሲዮን ወረቀት ከነበረው፣ ወረቀቱን ፈልጊ፤ እሱም ከውርሱ ነው።

አሁን ወደ ዲከረንሱ ልምጣ፤ እሱ ላይ ልቤ ያዝናል። አንቺ ልጅ ሳለሽ በፋግታና በባንጃ ስንቱ ቤት በዲከረንስ ገንዘብ ቆርቆሮ ለበሰ! በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፤ ከሰሉ ተጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል። አሲዳም የሆነውን መሬት ሳይቀር ጠቀመው። ሰው ደስ አለው፤ ድንችና ገብስ የሚዘራበትን ሁሉ ዲከረንስ ተከለበት። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ መጥቶ ቅጠሉን አቃጠለው፤ ችግኙን ጨረሰው። ያለውን ሁሉ እዚያ ላይ የጣለ ሰው እጁን አጣጥፎ ቀረ። ድንቹን ያልተወ፣ አንድ ሁለት ላም ያስቀረ፣ ወፍጮ የነበረው ግን ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም።

አባትሽ ከነዚያ ነበር። በሽታው መሬቱን ሲመታው አይሱዙዋ ድንች ጭና ሠራች፤ ወፍጮው ጥገናዋን ከፈለ። አንዱ ሲደክም አንዱ ደገፈው። ስዊድኖቹ ስልክም መድኃኒትም አውሮፕላንም የያዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ጥበብ የለበትም። እናንተ ስትካፈሉት ግን ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው የታመመው ዲከረንስ ብቻ ይሆናል። ያ ልጅ ታናሽ ወንድምሽ ቢሆንስ? ዕድሉ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ?

ደግሞ አንድ ነገር ሳይጠፋ ሲኖር ማየት ከፈለግሽ ስዊድን መሄድ የለብሽም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ትወጪያለሽ፤ ፈረሰኞቹን ታያለሽ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። ንጉሡ ወረደ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ማኅበሩ አለ። መሥራቾቹ ሁሉ አርፈዋል፤ ማኅበሩ አለ። ፈረሱ የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ጌጡም የሱ ነው። ማኅበሩን ግን ማንም ይህ የኔ ድርሻ ነው ብሎ ቆርጦ ሊወስደው አይችልም። አባል የሆነ ሐዘን ሲደርስበት ይደርሱለታል፤ ሲጣላ ያስታርቁታል፤ ልጁም አባቱን ተከትሎ ይገባል። ሥርዓቱን እናውቀዋለን ልጄ። ለፈረስ ያወቅንበትን ለወፍጮ ለምን እናጣዋለን?

እንግዲህ ምን ላድርግ ትይኛለሽ። ተካፈሉ፤ ግን ዕቃውን ሳይሆን ድርሻውን ተካፈሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት ሰው ጀምሮ እስከ ሃምሳ ሰው ድረስ ማቋቋም ይቻላል፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ አለ። ወፍጮውም መኪናዋም ሱቁም የማኅበሩ ይሆናሉ፤ አራታችሁ እኩል ድርሻ ይኖራችኋል። መሬቱ የራሱ ሕግ አለው፤ እሱን ወረዳው ጠይቁ። አንደኛችሁ መውጣት ቢፈልግ እንዴት እንደሚወጣና ድርሻውን በቅድሚያ ለማን እንደሚሸጥ ዛሬውኑ፣ ሳትቀያየሙ፣ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት። ከተቀያየማችሁ በኋላ አይጻፍም።

ከመካከላችሁ አንዱ ይምራ። ታላቅ ስለሆነ አይሁን፤ ሥራውን ስለሚያውቅ ይሁን። የሚያውቀው አንቺ ከሆንሽ፣ ሴት ነኝ ብለሽ ወደ ኋላ አትበዪ። ደመወዝ ይቆረጥላችሁ፤ ደመወዝሽን ብዪ፣ ካዝናውን አትንኪ። አባትሽ ዱቤውን የሚጽፍበት ደብተር አልጋው ራስጌ ነበር፤ ከዚያ አንሺና በሥርዓት ወደ ሒሳብ መዝገብ አስገቢው። የዕቁብ ገንዘብና የወፍጮ ገንዘብ በአንድ ኪስ አይግቡ። ለሠርግና ለድግስ ተብሎ ከሥራው ገንዘብ አይወጣ፤ ይሉኝታ ስንቱን ሱቅ ዘግቶታል። ከትርፉ ግን በየዓመቱ ትንሽ ለአገር ይውጣ። ብዙ አልልም። የአንድ ድሃ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ወይም አባትሽ ለተማረበት ትምህርት ቤት ጥቂት ወንበር። ስማችሁን አትጻፉበት።

ታናሽ ወንድምሽን ደግሞ አደራ። ከዋለንበርግ ልጆች ብዙዎቹ ወንበሩን ከመያዛቸው በፊት ባሕር ኃይል ይገባሉ፤ በባዕድ አገር ባንክ ተቀጥረው ይለማመዳሉ። እሱም ትምህርቱን ይጨርስ። ክረምት ክረምት ወፍጮ ቤት ይዋል፤ ጆንያ ይሸከም፤ ሚዛን ይማር፤ እንደ ማንም ሠራተኛ በሰዓቱ ይግባ፤ ይከፈለው። ከዚያ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሮ ሁለት ዓመት ይሥራ። ሲመለስ ስለ ድርሻው አብራችሁ ቁጭ በሉ። እስከዚያ ድረስ የትርፉን ድርሻ በስሙ ባንክ አስገቢለት፤ ደረሰኙንም በየሦስት ወሩ አሳዪው።