ይቅርታ የሚጠይቁት የፊልም አባቶች ብቻ ናቸውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በእሑዱ የልጆች ትምህርት ላይ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ ፊልም ላይ አባቶች ሲሳሳቱ ልጃቸውን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የኛ አባቶች ለምን አይጠይቁም?» እኔ ኡስታዝ አይደለሁም፤ ሥራዬ ኢንጂነርነት ነው፣ እሑድ እሑድ ልጆቹን አግዛለሁ። መልስ ስላልነበረኝ «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እንነጋገርበታለን» ብዬ አለፍኳት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ነው።

ልጆቻችን የሚያዩትን ሳናይ መልስ መስጠት አንችልምና የተወሰኑትን ቁጭ ብዬ አየሁ። ፍቅረኝነቱንና ዘፈኑን ላወድስላችሁ አይደለም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የፈለግሁት ቤተሰቡን ነው።

«ሃይ ስኩል ሙዚካል» በ2006 በዲስኒ ቻናል የወጣ ፊልም ነው። እኛ ዛሬ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለነው በልጅነታችን እናውቀዋለን። የትሮይ አባት የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል፤ ግን ልጁን ሲያይ የሚታየው ኳስ ብቻ ነው። ልጁ ልቡ ወደ ሌላ ነገር እንደሄደ ለአባቱ መንገር ይፈራል። የፊልሙ ጭፈራ እውነት አይመስልም፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነው። በኛ ቤት በኳሱ ቦታ «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» የሚለው ቃል ይገባል። (እኔ ኢንጂነር የሆንኩት በማን ምርጫ እንደሆነ አባቴ ያውቃሉ።)

የ2022ቱ ተከታታይ ፊልም «ሚስ ማርቭል» ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የሚኖር ከፓኪስታን የመጣ ሙስሊም ቤተሰብ ነው፤ መስጊድ ውስጥ ጫማ ሲጠፋ እንኳ ያሳያል። በመጀመሪያው ክፍል ልጅቷ ማታ ወደ አንድ ዝግጅት መሄድ ትፈልጋለች። ወላጆቿ ይከለክሏታል፣ በኋላ ግን ተመካክረው አባቷ አብሯት እንዲሄድ ይወስናሉ። አባትየው ደስ ብሎት፣ ፊቱን አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ሃልክ የሚባለውን ጀግና መስሎ ይመጣል። ልጅቷ ታፍርበታለች፤ የሚያቆስል ቃልም ትናገራለች። የዚያን አባት ፊት ሳይ ፊልሙን አቆምኩት። ስሙ ዩሱፍ ነው።

የነዚህ ፊልሞች ሐሰት ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጠብ ይነሳል፣ በር ይዘጋል፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አባት ተጸጽቶ ያቅፋል። ኮንክሪት እንኳ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ደግሞ በነዚያ ቤቶች ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ የሚመለስ ወላጅ አላየሁም። እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ግን እናት ከአረጋውያን መንከባከቢያ ጠዋት ስትገባ ልጅ ወደ ስኩል ባስ ይወጣል፤ አባት ትራክ ይዞ ሌላ ስቴት ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ መገናኘት ያስፈልጋል። ለከተማችን እውነት የሚቀርበው በ2016 የወጣው የሙሳ ሰዒድ «ኤ ስትሬይ» ነው፤ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከቤተሰቡም ከጓደኞቹም ተቆራርጦ መስጊድ የተጠጋ የሶማሌ ወጣት ታሪክ። ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ዘፈን የለውም ሲባሉ ተዉት።

አላህ (ሱ.ወ.) ከታሪኮች ሁሉ መልካሙ ያለው የሱረቱ ዩሱፍ ታሪክም የቤተሰብ ታሪክ ነው። የሚጀምረው አንድ ልጅ ያየውን ሕልም ለአባቱ ሲነግር ነው። ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) አልሳቁበትም፣ «ደክሞኛል፣ ነገ» አላሉትም። አዳመጡት፣ ከወንድሞቹም እንዲጠነቀቅ መከሩት። ልጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ ማን እንደሆነ ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ አይደለም። ቀሚሱ የሐሰት ደም ተቀብቶ መጣ። አባት ውሸቱ አልጠፋቸውም፤ ትዕግሥትን ያዙ። ዓመታት አለፉ፣ ዓይናቸው በሐዘን ነጣ። በስተመጨረሻ ወንድማማቾቹ ሲተዋወቁ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) እዚያው ይቅር አሏቸው። አባታቸው ግን ምሕረት እንዲለምኑላቸው ሲጠየቁ ወደፊት እንደሚለምኑላቸው ነበር የነገሯቸው። ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ እስከ ሌሊቱ መጨረሻ፣ ዱዓ እስከሚወደድበት ሰዓት አቆይተውት ነው ይላሉ። እኔ ግን እዚያች «ወደፊት» ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በነቢያት ቤት እንኳ ይቅርታ ጊዜ ወሰደ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። በሲራ ኪታቦች እንደተዘገበው፣ በበድር ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልፉን ሲያስተካክሉ ሰዋድ የተባሉ ሰሓባ ከመስመሩ ወጣ ብለው ነበርና በያዙት ቀስት ሆዳቸውን ወጋ አደረጓቸው። ሰዋድ እንዳመማቸው ተናግረው ሐቃቸውን ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የራሳቸውን ሆድ ገልጠው ሐቁን እንዲወስድ ፈቀዱለት። ሰዋድም አቅፈው ሳሟቸው። የጦር መሪ፣ ውጊያ ሊጀመር ሲል፣ በሠራዊቱ ፊት! እኛ በገዛ ሳሎናችን፣ ማንም ሳያየን፣ ለልጃችን «አጥፍቻለሁ» ማለት ክብራችንን የሚቀንስ ይመስለናል። ልጆቻችን ይቅርታን ከዲስኒ እንዲማሩ ያደረግነው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና «አባቴ ይህን ታሪክ ያውቀዋል?» አለችኝ።

እኔም በዚያው ሳምንት የሰባት ዓመቱ ልጄ ላይ ባላጠፋው ጥፋት ጮኼበት ነበር፤ ሻዩን የደፋችው እህቱ ኖራለች። ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ልለው ስል ቃሉ በአማርኛ አልወጣ አለኝ። «ሶሪ» አልኩት። «ኢትስ ኦኬ፣ አባ» ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የአማርኛውን ገና እየተለማመድኩት ነው።

ወላሁ አዕለም።