ሕፃን ቀጥሮ መቅረት

ልጆቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ሰፈራችሁ ጀውሃ ትመለሳላችሁ። ወላጅ ይደሰታል፣ ሰፈሩም ይሞቃል። በጎ ፈቃደኛ ብላችሁ ትመዘገቡና ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ ተባብሮ መሥራትን ልታስተምሩ ትነሣላችሁ። ቲሸርቱ ይለበሳል፣ ፎቶው ይነሣል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ያምራል። በሁለተኛው ሳምንት ግማሻችሁ ትጠፋላችሁ። ነሐሴ ሳይጋመስ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው።

ባለፈው ክረምት ከዝሁር ሶላት ስመለስ ትንንሾቹ ከዛፉ ጥላ ሥር የጨርቅ ኳሳቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለምን እንደማይጫወቱ ጠየቅኋቸው። «ቲቸር ይመጣል ብሎናል» አሉኝ። ለዐስር ሶላት ሳልፍም እዚያው ነበሩ። ትልቅ ሰው ቀጥራችሁ ብትቀሩ ይቆጣችኋል፣ ይወቅሳችኋል፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። የሰባት ዓመት ልጅ አይወቅሳችሁም። ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል፤ ወይ ደግሞ «አብረን እንሥራ» የሚል ሰው ሁሉ ቀሪ ነው ብሎ ይይዘዋል። መተባበርን ልታስተምሩት መጥታችሁ ሰውን እንዳያምን አድርጋችሁት ሄዳችሁ ማለት ነው።

ይህን ለአንዳንዶቻችሁ ብናገር «አባባ፣ በነፃ እኮ ነው የምንሠራው» የሚል መልስ ሰጣችሁኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደመወዝ ስለሌለው ነው ወይስ ተቆጣጣሪ ስለሌለው ነው የሚቀለው? ለፈጣሪ ብዬ ሠራሁ ያለ ሰው ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጥቂትም ብትሆን የማትቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ እንደምትወደድ በመድረሳ ተምራችኋል፤ ክርስቲያኖቹም ከቄሱ አፍ ተመሳሳዩን ሰምታችኋል። የልጅ ቀጠሮ አማና፣ አደራ ነው። አማና ደግሞ በደመወዝ አይመዘንም።

እኛ ይህንን የተማርነው ማማ ላይ ነው። በጥቅምት የይፋት ማሽላ እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ሰማዩን አልብሶ ይመጣ ነበር። እያንዳንዳችን በየአባታችን ማሳ ማማ ላይ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘን እንውላለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የራሱን ብቻ ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ያባረርኩት ወፍ ጎረቤቴ ላይ ያርፋል፣ እሱ ያባረረው ተመልሶ እኔ ላይ ይወርዳል። ማታ የሁላችንም ማሳ ተበልቶ እናገኘዋለን። ከእኛ በዕድሜ ከፍ የሚል አንድ ልጅ ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የለም፣ አላህ ይዘንለት። እሱ ነው ያሰለፈን። ከላይኛው ማሳ ይጀምራል፣ ጅራፉን ያጮሃል፤ ወፉ ሲነሣ ሁለተኛው ይቀበላል፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ እንዲህ እየተቀባበልን መንጋውን ከማሳዎቹ አሳልፈን ወደ ወንዙ ዳር እንሸኘዋለን። ከመካከላችን አንዱ ካንቀላፋ ወፉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ከማማ ማማ ስም እየጠራን እንቀሰቅሰው ነበር። ያ ልጅ እስከ አጨዳ ድረስ ጎሕ ሲቀድ ቀድሞን ይገኛል። አንድ ጧት ወባ ጣለው። ታናሽ እህቱን ያን ሁሉ መንገድ ልኮ «ዛሬ አልመጣም፣ ከላይ ያለውን እገሌ ይጀምር» ብሎ አስነገረን። እየተንቀጠቀጠ መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው።

እናንተ በኪሳችሁ ስልክ ይዛችኋል። ቀሪ መሆናችሁን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅባችሁም፤ ያቺን አንድ ደቂቃ ነው የነፈጋችኋቸው።

ለዚች አገር ወጣት ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማርተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። ያኔ ትእዛዝ ነበር፤ የቀረ ይጠየቃል። እናንተን ማንም አላስገደዳችሁም፤ በገዛ ፈቃዳችሁ ቃል የገባችሁ ናችሁና የእናንተ ግዴታ ከነሱ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ከዚያ ዘመቻ አንድ ሌላ ነገር ያዙ፦ ማንበብ ጀምረው የነበሩ ብዙ አዋቂዎች ተከታታይ ትምህርት ሲያጡ መልሰው ረስተውታል። ተጀምሮ የተተወ ትምህርት እንዲህ ይጠፋል።

ስለ አሠራሩም ልንገራችሁ፤ ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕፃናትን በቡድን ስላስቀመጣችሁ ብቻ ተባበሩ አትበሉ። በየትምህርት ቤቱ «አንድ ለአምስት» ይባል የነበረውን የተማሪዎች ቡድን ታስታውሳላችሁ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ስማቸው አብሮ ይጻፋል። ለልጅ ብቻውን ሊወጣው የሚችለውን ሥራ ሰጥታችሁ ተባበር ብትሉት አይሰማችሁም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የቱርክ ተወላጅ ምሁር በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ በገመድ ጉተታና በኳስ አወዳደራቸው። ልጆቹ እስከ መደባደብ ደረሱ። አብረው ፊልም እንዲያዩና ማዕድ እንዲቆርሱ ቢያደርግም ጠባቸው አልበረደም። ያበረደው የውኃው መስመር መቋረጡና ምግብ ሊያመጣ የነበረው መኪና አልነሣ ማለቱ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ላይ ውኃውን ፈለጉ፣ ሲፎካከሩበት በነበረው ገመድም መኪናውን አብረው ጎተቱ። የመስኖ ልጅ ይህን ለመረዳት ኦክላሆማ መሄድ አያስፈልገውም። ከወንዙ የወጣ ቦይ ደለሉ ካልተጠረገ ለላይኛውም ለታችኛውም ማሳ ውኃ የለም፤ ለመጥረግ ደግሞ ሁሉም መውጣት አለበት። ስለዚህ ለልጆቹ እንደዚያ ያለ ሥራ ስጧቸው። ችግኝ ተክለው በተራ ያጠጡ፤ አንድ ጀሪካን ውኃ ሁለት ሆነው በእንጨት ይሸከሙ፤ ቁመታቸው የማይመጣጠን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይማሩበታል፣ ረጅሙ ለአጭሩ ሲል ዝቅ ማለት ግድ ይሆንበታል።

የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን፣ የአማራውን፣ የአርጎባውንና የኦሮሞውን ልጅ ቀላቅሏቸው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ በግጭት ስትቃጠል ያየ ልጅ በመካከላቸው አለ፤ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር አንድ ገመድ ወደ አንድ ወገን መጎተት ለእሱ ከጨዋታ በላይ ነው። ሴቶቹን ልጆች ውኃ ለመቅዳት ብቻ አትጥሯቸው። ቀድሞ ለጨረሰ ብቻ አትሸልሙ። በልጅ ፊት ስልክ አትነካኩ።

ይህ ሁሉ ግን እናንተ ካልተገኛችሁ ዋጋ የለውም፤ ደጋግሜ የምለውም ለዚህ ነው። ልጁ ተባብሮ መሥራትን የሚያየው በመጀመሪያ በእናንተ በራሳችሁ ላይ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ሲቀር ሌላው ተተክቶ ቆሞ ካየ ያን ቀን ትምህርቱን አገኘ። አምስት ሆናችሁ ተመዝግባችሁ አምስታችሁም «ሌላው ይሄዳል» ብላችሁ ከቀራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቡድን የምታወሩትን ማን ይሰማችኋል? በ«አንድ ለአምስት» ቢያንስ ጎበዙ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን ያ አንዱም የለም።

ሥራ ሊኖራችሁ ይችላል። የአባት እርሻ አረም አለው፣ ፈተናም ይኖራል፣ ሕመምም አለ። ማንም ሙሉ ክረምቱን ስጡ አላላችሁም። በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ የምትችሉት አንድ ቀን በሉ፤ ያቺን ቀን ግን አታጉድሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይቁም። ሁለታችሁም ካልቻላችሁ ለልጆቹ ሰው ላኩ፣ መቼ እንደምትመለሱም አስነግሯቸው። ለመጪው ሐምሌ ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት ይህን ከወላጆቻችሁ ጋር ተማከሩበት፤ የማትዘልቁት ከሆነ አትመዝገቡ፣ ቦታውን ለሚዘልቅበት ልቀቁለት።