«ጥቁር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ሳስተምር፣ ኃጢአት ነፍስን እንዴት እንደሚያበላሽ ለማስረዳት በነጭ ወረቀት ላይ ልብ ሥዬ ግማሹን በከሰል አጠቆርሁት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሕፃን እጅዋን አውጥታ፣ «አባ፣ ኃጢአት ጥቁር ከሆነ እግዚአብሔር እኔን ለምን ጥቁር አድርጎ ፈጠረኝ?» አለችኝ። ጓደኞችዋ ሳቁ። እኔም «እርሱ ሌላ ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፍሁ። ሌላነቱ በምን እንደ ሆነ ግን አልነገርኋትም። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ሕፃን የዘገየ መልስ ነው።

በቋንቋችን «ጥቁር» የሚለው ቃል የተሸከመው ትርጉም ብዙ ነው። ገበሬው ጥቁር አፈር ሲል ርጥበት ይዞ የሚቆየውን፣ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅልለትን መሬት ማለቱ ነው፤ በሰኔ ጥቁር ደመና ሲያይም ደስ ይለዋል እንጂ አያዝንም። ጥቁር እንግዳ የምንለው መልኩ የጠቆረውን ሳይሆን ከዚህ ቀደም አይተነው የማናውቀውን ሰው ነው። ጥቁር አንበሳ ሲባል ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ የተደራጁት አርበኞች ይታወሱናል። ሐዘንተኛ ጥቁር የሚለብሰው ሟቹን ስለሚወድ ነው። በአንጻሩ ጥቁር ገበያ ሕገ ወጥ ንግድ ነው፤ «ፊቱን አጠቆረብኝ» ማለትም ተቆጣኝ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ራሱ ቅዱስም ርኩስም አይደለም፤ የሚመዘነው የተነገረበት ልብ ነው።

«ታዲያ ኃጢአት ለምን ጥቁር ተባለ?» የሚል ይኖራል። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንዳስተማረው ክፋት የራሱ ባሕርይ የለውም፤ የበጎ ነገር ጉድለት ነው። ስለዚህ በትክክል የሚመሰለው በጨለማ ነው፤ ጨለማ የብርሃን መጥፋት ነውና። ጥቁር መልክ ግን የምንም ነገር መጥፋት አይደለም፤ እግዚአብሔር ፈጥሮ መልካም እንደ ሆነ ያየው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ኃጢአትን የመሰለው በጥቁር ሳይሆን በቀይ ነው። እኛ ደግሞ መልኩ ፈካ ያለውን ሰው «ቀይ» እያልን እናሞግሳለን። ምሳሌው ስለ ሰው ቆዳ ቢሆን ኖሮ፣ ቀድሞ የሚነቀፈው እኛ የምናሞግሰው መልክ በሆነ ነበር።

በመኃልየ መኃልይ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሙሽራይቱ ስለ ጥቁረትዋና ስለ ውበትዋ በአንድነት ትናገራለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን የምታገናኘው እንደ ግእዛችን «ወ» ያለች አንዲት ፊደል ናት። የሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም «እና» ብሎ ሲፈታት፣ የቅዱስ ሄሮኒሞስ የላቲን ትርጉም ግን «ነገር ግን» ብሎ ፈታት። በ«እና» ጥቁረትና ውበት አብረው ይኖራሉ፤ በ«ነገር ግን» ውበቱ ስለ ጥቁረቱ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። እኛስ በቤታችን «ጥቁር ናት፤ ግን ታምራለች» እያልን ስንናገር የኖርን አይደለንምን? የእኛ በደል ያለው «ጥቁር» በሚለው ቃል ላይ ሳይሆን በዚያች በ«ግን» ላይ ነው።

በ1888 ዓ.ም. የተገኘውን የዓድዋን ድል በየዓመቱ ስናከብር «የጥቁር ሕዝብ ኩራት» እንላለን፤ እውነትም ነው። በማግሥቱ ግን ከእኛ ይልቅ መልኩ የጠቆረውን ወገናችንን ከባርነት ዘመን በተረፈ ስም እንጠራዋለን፤ ለልጃችን የትዳር ጓደኛ ስናፈላልግም ጥቁረትን እንደ ጉድለት እንቆጥራለን። ባርነት በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ስሙ ግን ከአንደበታችን ገና አልተሻረም። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ልጆቻችን በዚያ ንቀት ሲደርስባቸው እናዝናለን፤ እኛም በአገራችን ያንኑ ንቀት ለሌላው መስጠታችንን ግን አናስተውልም።

በሕፃንነትዋ ከዳርፉር ተነጥቃ በባርነት የተሸጠችው ጆሴፊን ባኪታ በኋላ በኢጣሊያ ደናግል ገዳም ገባች። የስኪዮ ከተማ ሕዝብ «ጥቁሪቱ እናት» እያለ በፍቅር ይጠራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ቅድስናዋን አወጁ። መልክዋ ለሻጮችዋም ለወዳጆችዋም ያው አንድ ነበር፤ የተለያየው የተመልካቹ ልብ ነው።

ያቺ ሕፃን ዛሬ ብትጠይቀኝ ከሰሉን አስቀምጬ፣ «ልጄ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ኃጢአት ቀለም የለውም፤ አንቺ ግን ጥቁር ነሽ፣ ውብም ነሽ» እላት ነበር። ጓደኞችዋንም ለምን እንደ ሳቁ እጠይቃቸው ነበር፤ ያን ሣቅ ከየቤታቸው፣ ማለትም ከእኛ ከታላላቆቻቸው፣ ተምረውታልና። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ለሕፃናቱ ኃጢአት ምን እንደ ሆነ ከማስተማራችን በፊት አንደበታችንን እንመርምር።