ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ እጅ

ከኅብረታችን ወጣቶች አንዱ እዚሁ ጉንችሬ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይሠራል። አንድ ቀን ከጥናት በኋላ ወደ ጎን ጠራኝና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። ጎረቤቱ የሆነ ነጋዴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀትና ቀለም ሊያቀርብ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ተጠይቋል። አንዱን ራሱ ሞላ፣ ሁለተኛውን ከዘመዱ አገኘ፣ ሦስተኛውን ከዚህ ልጅ ፈለገ፤ «ከእኔ ትንሽ ከፍ አድርገህ ጻፍና ማኅተም ምታልኝ» ብሎ። ልጁን ያስጨነቀው የነጋዴው ዋጋ በእርግጥም የገበያ ዋጋ መሆኑ ነው። «ማንም አልተጎዳም፤ ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?»

ቶሎ አልመለስኩለትም። እኔም ከዓመታት በፊት በዘመድ ሱቅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፌአለሁ። ያኔ «ትብብር» እንለው ነበር።

ዋጋ ከፍ አድርጎ መጥራት ውሸት አይደለም። ቆጮ የምትሸጥ እናት የመጀመሪያ ዋጋዋ የመጨረሻ እንዳልሆነ ገዢው ያውቃል፤ ካልተስማማው አጠገቧ ያለችውን ይጠይቃል። ግዥ ክፍሉ ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሦስት የተፈለገውም ሦስት ሰው ሳይመካከር ምን እንደሚል ለማወቅ ነው። ስለዚህ ማኅተሙ «ለብቻዬ አስቤ ይህን ዋጋ ሰጠሁ» የሚል ምስክርነት ነው። በርካሽ ሊያቀርብ ይችል የነበረው አራተኛው ሱቅ ደግሞ ጭራሽ አልተጠየቀም። «ማንም አልተጎዳም» የሚለውን እንግዲህ በምን እናውቃለን?

አሜሪካኖች በ1962 እንደ አውሮፓውያን ባወጡት ሕግ፣ ውድድር በሌለበት ትልቅ የመንግሥት ውል አቅራቢው የወጪና የዋጋ መረጃው ትክክለኛ፣ የተሟላና ወቅታዊ መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ አደረጉ። አትርፍም አታትርፍም አላሉትም። ቁጥሩ ጎድሎ ከተገኘ ግን መንግሥት ዋጋውን ያስቀንሳል። የእኛ ሦስት ፕሮፎርማ ከዚህ የከፋ ነው፤ የሌለ ውድድር እንዳለ ያስመስላል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን ደግማችሁ አንብቡት። መሬቱ የሐናንያ ነበር፤ ገንዘቡን ሁሉ ቢያስቀር ጴጥሮስ አይከስሰውም ነበር። ሰጲራም የተጠየቀችው ስለ ሽያጩ ዋጋ ነው። የወደቁት ባስቀሩት ገንዘብ ሳይሆን በተናገሩት ቁጥር ነው።

እርግጥ ለልጁ ቀላል አልነበረም። ጎረቤቱ ሱቁን የሚጠብቅለት፣ እቁብ አብሮት የሚጥል ሰው ነው። በመጨረሻ፣ «ያንተን ሳላይ የራሴን ዋጋ ጽፌ በፖስታ አሽጌ እኔው ለቢሮው ልስጥ» አለው። ነጋዴው ሌላ ሱቅ ሄደ። ለዝርዝር ብር እንኳ እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም።