የሐኪም ዕረፍት ከሕሙማን የተሰረቀ ነውን?

ሰው እንዲሠራ ብቻ ሳይሆን እንዲያርፍም መፈጠሩን ቅዱስ መጽሐፍ ገና ከመጀመሪያው ያስተምረናል፤ ፈጣሪ ሥራውን ፈጽሞ ሰባተኛውን ቀን ባርኮታልና። ይህን ትምህርት ለገበሬው፣ ለነጋዴውና ለመንግሥት ሠራተኛው ስንናገር የሚቃወመን የለም። ወደ ሐኪሙ ስንደርስ ግን እናመነታለን። ሕመምተኛው እያቃሰተ ሐኪሙ እንዴት ያርፋል? እንላለን።

ይህ ጥያቄ ዛሬ በአገራችን ወጣት ሐኪሞች ፊት ቆሞአል። አጠቃላይ ሕክምናን ያጠናቀቀ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን ሲሻ የትምህርቱን ዘርፍና የሚሠለጥንበትን ተቋም ይመርጣል፤ ከዚያም ሬዚደንት ተብሎ ለዓመታት እየተማረ ያክማል፣ በተራውም ሌሊት በዱቲ ያድራል። ከእነዚህም መካከል የአእምሮ ሕክምናን የመረጠው፦ «ለትዳሬ፣ ለልጆቼ፣ ለጸሎቴና ለእንቅልፌ ጊዜ የሚተርፈኝ የት ብሠለጥን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንበለው? ራስ ወዳድ ነህ እንበለው ወይስ አስተዋይ?

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የሐኪሞቹን ማነስ ማስታወስ ያሻል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ብዙዎች በዚያው ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሦስት ዓመቱን ሥልጠና በአገር ውስጥ ሲጀምር፣ 70 ሚሊዮን ገደማ ለሆነው ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ሌሎች ተቋማትም ማሠልጠን ጀምረዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው። ልጁ የታመመበት የአዊ አባወራ ወደ ባሕር ዳር ለመድረስ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራም 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገዱን አስጨናቂ፣ የልቡናንም ቁስል የበዛ አድርጎታል። እንግዲህ ስለ ዕረፍት የሚጠይቀው ወጣት የሚጠይቀው እንዲህ ባለው ችግር መካከል ነው።

ነገሩን በቀና ልብ ስንመረምረው ግን አንድ እውነት ይገለጥልናል። ቀዶ ጠጋኙ ስለት አለው፤ ሌላውም ሐኪም ራጅና የደም ምርመራ ይረዱታል። የአእምሮ ሐኪም ዋነኛ መሣሪያው ግን የራሱ ጆሮ፣ ትዕግሥቱና አስተውሎቱ ነው። የሕመምተኛውን ቃል ሰምቶ፣ ዝምታውንም ለይቶ፣ ሊነግረው የፈራውን ሐዘን ማወቅ አለበት። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ይህን መሣሪያ አጥቶአል። ሰውየው በፊቱ ተቀምጦ ሳለ የሚያየው ካርዱን ብቻ ነው፤ ራሱን ለማጥፋት የሚያስበውንም ሰው መድኃኒት ጽፎ በጥድፊያ ያሰናብተዋል። ስለዚህ የሐኪሙ ዕረፍት ከሕመምተኛው የተሰረቀ ሳይሆን፣ በተገቢው ልክ ሲሆን፣ ለሕመምተኛው የሚገባ ዕዳ ነው።

ይህንም ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት በሆስፒታል ውስጥ ሞተች፤ ያከሟትም ረጅም ሰዓት ሲሠሩ የቆዩ ሠልጣኝ ሐኪሞች ስለ ነበሩ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 የሠልጣኞች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም ተመሳሳይ ወሰን በመላው አሜሪካ ለሚገኙ ሠልጣኞች ተደረገ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ብዛት የሚመጣውን መዛል፣ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት ነው ብሎ በመዝገቡ አስፍሮታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ዓዋዲ መልእክትም ሥራ ለሰው የተሠራ እንጂ ሰው ለሥራ የተፈጠረ አለመሆኑን አስተምረዋል።

«መልካም እረኛ ነፍሱን ስለ በጎቹ ያኖር የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ያኖራል። ሆኖም ነፍስን መስጠትና ነፍስን ማባከን አንድ አይደሉም። የአዊ ፈረሰኛ ፈረሱን ለታላቁ ቀን ሲያዘጋጅ ይቀልበዋል፣ ያሳርፈዋል፤ ይህን የሚያደርገው ከግልቢያው ሊያስቀረው አይደለም። የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ሁለቱንም አጣምሮ ያሳየናል። ጌታችን የደከሙትን ሐዋርያት ወደ ምድረ በዳ ሄደው እንዲያርፉ አዘዛቸው። ሕዝቡ ግን ቀድሞአቸው በደረሰ ጊዜ ራራላቸው እንጂ አላባረራቸውም። ዕረፍት ትእዛዝ ነው፤ ምሕረትም ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ስለዚህ የሥልጠና ቦታ የሚመርጠው ወጣት ራሱን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንመክረዋለን። አንደኛ፦ እኔ የማወርደውን ሸክም የሚሸከመው ማን ነው? ዱቲው ለብዙ ሠልጣኞች በፍትሕ የሚከፋፈልበትን፣ ያደረ ሐኪም በማግሥቱ የሚያርፍበትን፣ ነባር ሐኪም አጠገብ ሆኖ የሚያስተምርበትን ቦታ መምረጥ ቅን ምርጫ ነው። ሥራው በዝምታ ወደ ጓደኛ ወይም ወደ ነርስ የሚገፋበትን ቦታ መፈለግ ግን ዕረፍት ሳይሆን ግፍ ነው። ሁለተኛ፦ ዕረፍቴ ወደ ሕመምተኛው ይመልሰኛል ወይስ ከእርሱ ያርቀኛል? ዕረፍትና ስንፍና ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት በፍሬያቸው ነው። ሦስተኛ፦ የመረጥሁበትን ምክንያት ለታመመው ልጅ እናት ፊት ለፊት ልነግራት እችላለሁን? «ልጅሽን በደንብ እንዳዳምጠው ተኝቼ መጣሁ» ማለት አያሳፍርም። «የአንቺ አገር ስለሚያደክም ሸሸሁት» ማለት ግን ያሳፍራል፤ በሕዝብ ገንዘብ ለተማረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል።

ፍርዱን በወጣቱ ላይ ብቻ መጣል ግን አይገባንም። ልጃችን ሐኪም ሆነ ብለን እልል ካልን በኋላ፣ ለበዓል ሲመጣ ቡናውን ሳይጠጣ የሰፈሩን ሕመም ሁሉ በግቢው የምናሰልፍበት እኛው ነን። በዘፀአት ምዕራፍ 18 ዮቶር አማቹን ሙሴን ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል ሲል መከረው። መፍትሔውም ፍርዱን መቀነስ ሳይሆን ሸክሙን ለብዙዎች ማካፈል ነበር። በወንፈል የሚያጭድ ገበሬ ይህን ምክር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ የአንዱ ማሳ የሁሉም ነው፤ ተራውም ለሁሉም ይደርሳል።

በአእምሮ ሕክምናም እንዲሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት፣ በአገራችንም የጤና መኮንኖችና ነርሶች የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች ለይተው በጤና ጣቢያ እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። እናንተ ካቴኪስቶች ደግሞ ከመንደር መንደር ስትዘዋወሩ የታሰረውን፣ በጓዳ የተደበቀውን፣ ዘመድ ያፈረበትን ሰው ከሐኪሙ በፊት ታያላችሁ። ቤተሰቡን ወደ ጤና ጣቢያ መምራት፣ የታዘዘለት መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር እንዳይቋረጥ መከታተል፣ ጸሎትና ሕክምና ጠላቶች አለመሆናቸውን ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና። ቁምስናው አንድ ቤተሰብ በደገፈ ቁጥር የአንድ ሐኪም ሌሊት ይቀልላል።

እንግዲህ ወጣቱ «የት ልረፍ?» ሲል እኛም «ምን እንሸከምልህ?» ልንለው ይገባል። ሐኪም ወደ አዊ እንዲመጣና እንዲቆይ የምንመኝ ከሆነ፣ እንደ ሰው የሚኖርበትን፣ በእሑድ ከልጆቹ ጋር ቅዳሴ የሚያስቀድስበትን፣ ሌሊቱን የሚያካፍለው ጓደኛ የሚያገኝበትን ስፍራ እናዘጋጅለት። ይህን ሳናደርግ ብንወቅሰው፣ እኛ ያልነካነውን ሸክም በሌላው ጫንቃ ላይ መጫናችን ነው። የደከሙትን ወደ ራሱ የሚጠራ ጌታ፣ ለሕሙማን ፈውስን፣ ለሐኪሞች ዕረፍትን፣ ለእኛም ሸክም የመጋራትን ልብ ይስጠን።