እጁ የማን ነው?

ሰው በገዛ እጁ የሠራው፣ ሌላ ሰው ግን ያሰበለት ሥራ የማን ነው? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የሚተው አይደለም። የጓደኛውን የቤት ሥራ ገልብጦ ያስረከበ ተማሪ፣ አባቱ የመረጡለትን ትምህርት የሚማር ልጅ፣ የመምህሩን ሐሳብ እንደ ራሱ አድርጎ የሚናገር ጎበዝ፣ ሁሉም በየበኩሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያልፋል። እኛ ግን ጥያቄውን ፊት ለፊት ያገኘነው ባልጠበቅነው ቦታ፣ በአንድ የጃፓን የሥዕል ልቦለድ ውስጥ ነው።

መጽሐፉ «ሂካሩ ኖ ጎ» ይባላል። ደራሲዋ ዩሚ ሆታ፣ ሠዓሊው ታኬሺ ኦባታ ናቸው። ከ1998 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ23 ቅጽ ተጠቃሏል። እዚህ ወላይታ ሶዶ ያለን ስድስት ተማሪዎች እያንዳንዳችን በስልካችን ላይ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከጨረስነው በኋላ፣ ዘንድሮ ደግሞ አብረን እንደገና አነበብነው። «ለጨዋታ ደሞ መጽሐፍ!» ያሉን አሉ። ይበሉ። በመጀመሪያው ንባብ ሰው የሚሮጠው ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ነው። ሁለተኛው ንባብ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ ዓይን ወደ ተሸናፊው መመለስ ይጀምራል። ክርክራችንም የተነሣው ከዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂካሩ የሚባል የ6ኛ ክፍል ልጅ በአያቱ ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ የጎ ገበታ ያገኛል። ጎ ማለት 19 በ19 መስመር በተሠመረበት ገበታ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በተራ እየተቀመጠ የሚካሄድ፣ ቦታ የመያዝ ጨዋታ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቀመጠ ጠጠር ተከቦ ካልተማረከ በቀር ከቦታው አይነቃነቅም። በገበታው ውስጥ ሳይ የሚባል መንፈስ ኖሯል። ሳይ ከሺህ ዓመት በፊት በቤተ መንግሥት የጎ መምህር ሳለ፣ ባላጋራው ራሱ አጭበርብሮ አጭበርባሪ ስላሰኘው፣ ተዋርዶ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሞተ ነው። ከሞት በኋላም ያልለቀቀው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ መጫወት። እጅ ግን የለውም። ስለዚህ ልጁ እጁን እንዲያውሰው ይለምነዋል። ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቀው ሂካሩም ሳይ በጠቆመው ቦታ ጠጠር እያኖረ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለፋውን አኪራን ይረታል።

እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈልን። አንዱ ወገን «ይሄ ኩረጃ ነው፣ ሌላ ስም የለውም» አለ። አኪራ እንቅልፍ አጥቶ የሚያሳድደው ሂካሩን ነው፤ ያሸነፈው ግን ሌላ ነው። ይባስ ብሎ፣ በሐሰት አጭበርባሪ ተብሎ የሞተው ሳይ ራሱ አሁን ማንም በማያየው እጅ ይጫወታል። ሌላው ወገን በበኩሉ «የሞተ ሰው ምን አማራጭ አለው?» ሲል መለሰ። ሳይ ተራውን የተቀማ ሰው ነው፤ ለተቀማ ሰው እጅ ማዋስ ምሕረት እንጂ ኩረጃ አይደለም ማለታቸው ነው።

ከመካከላችን የታሪክ ተማሪዋ ግን ሁለቱንም ወገን ዝም የሚያሰኝ ነገር አመጣች። በልቦለዱ ውስጥ ሳይ ከሂካሩ በፊት በቶራጂሮ እጅ ተጫውቷል፤ ቶራጂሮም ሲያድግ ሆኒንቦ ሹሳኩ ተባለ። ሹሳኩ እውነተኛ ሰው ነው። በ1829 እ.ኤ.አ. ተወልዶ፣ በጃፓን ከታላላቆቹ የጎ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ፣ በ1862 በኮሌራ ሞቷል። «እንግዲያው» አለች፣ «እውነተኛው ሰው ዕድሜውን ገብሮ ያገኘውን ችሎታ ደራሲዋ ወስዳ ለመንፈስ ሰጠችበት። የተዘረፈው ማን ነው?» መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። ነገሩ የእኛም ልማድ ነውና። ሰነፉ ሲወድቅ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ጎበዙ ሲያልፍ ግን «የእናቱ ምርቃት ነው» ወይም «ዕድል ቀንቶት ነው» ይባላል። ላቡን የሚያነሣ የለም። ሆኖም ምርቃቱን ሐሰት ነው ለማለትም አንደፍርም፤ ያለ እናቱ ድካም የት ሊደርስ? ችግሩ ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው።

ወደ ገዛ ቤታችን እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ስለ ኩረጃ ሲነገር በብዛት የምንሰማው ደንብ መጣሱን ነው። እኛ ግን ጉዳቱን በሁለት እንከፍለዋለን። አንደኛው በጎረቤቱ ላይ የሚደርስ ነው፤ አኪራ ላይ እንደ ደረሰው። ሁለተኛው በኮራጁ በራሱ ላይ ነው፤ እጁ አልፏል፣ እሱ ግን እዚያው ቀርቷል።

ነገር ግን ከኩረጃ የሚከብድ የተዋሰ እጅ አለ። መስከረም ላይ ለጊፋታ የወላይታ ልጅ ካለበት ከተማ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሥጋው ተከፋፍሎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «ለመሆኑ ምንድነው የምትማረው?» ይባላል። «ሥነ ጽሑፍ።» ዝምታ ይሆናል። ዝምታው የንቀት አይደለም። አባት ከ8ኛ ክፍል ያቆሙት ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ነበር። በሬ የሸጡት ለልጃቸው ነው። ልጁን ሲሸኙትም ያሉት «ሐኪም ሁን» ሳይሆን «ሐኪም ሁንልኝ» ነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚያች «ልኝ» ላይ ቆም በል። «ሁን» ምክር ነው፤ «ሁንልኝ» ግን እጅህን አውሰኝ ማለት ነው። አባት መንፈስ አይደሉም፤ አጭበርባሪም አይደሉም። ልመናቸው ግን የሳይ ልመና ነው፤ የተቀሙትን ተራ በልጃቸው እጅ መጫወት ይፈልጋሉ። ከስድስታችን ሁለቱ ለዚች «ልኝ» ሲሉ የጤና ትምህርት ገቡ፤ አራታችን እምቢ አልን። ማናችንም ቀለል ያለን የለም።

መጽሐፉ ለዚህ መልስ አለው ይባላል። ሂካሩ እያደር በራሱ እጅ መጫወት ይሻል፤ የሳይ ተራም እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ሳይ ከአኪራ አባት፣ ከታላቁ ተጫዋች ከቶያ ጋር በኢንተርኔት ገጥሞ ይረታል። ታዲያ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቶያን ያድነው የነበረውን አንድ ጠጠር የሚያየው ሂካሩ ነው። ያኔ ሳይ ሺህ ዓመት የቆየው ይህን ጨዋታ ለዚህ ልጅ ሊያሳይ እንደ ነበር ይገባውና ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ሂካሩ በጸጸት መጫወት ያቆማል፤ ውሎ አድሮ አንድ ቀን ሲገጥም ግን በገዛ ጠጠሮቹ አቀማመጥ ውስጥ ሳይን ያገኘዋል። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ አንባቢ «የሙታን ዕዳ የሚከፈለው የራስን ጨዋታ በመጫወት ነው» ይላል።

ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ቀስ እንበል። ሳይ እኮ ገና መጫወት ይፈልግ ነበር! ማንም አልጠየቀውም። «እሱም ደስ ይለዋል» የሚለው ቋሚ ሰው ለሟች የሚናገርለት ቃል ነው። እንደዚሁም «ለአባቴ የሚሻለው እኔ ደስተኛ መሆኔ ነው» የሚለው አባባል ልጅ ለአባቱ የጻፈው መልስ ነው፤ አባት አልፈረሙበትም። የራሱን ተራ የሚወስድ ሰው ተራውን ከአንድ ሰው ላይ ይወስዳል። መውሰዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል መሆኑ ግን ዕዳውን አይሰርዘውም።

«ዕዳ የሌለበት እጅ ይሻላል» የሚልም አይጠፋም። እንዲህ ያለው እጅ መጥቷል። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. አልፋጎ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የኮሪያውን ታላቅ ተጫዋች ሊ ሴዶልን በሴኡል 4 ለ 1 ረታው፤ ሊ በ2019 ከውድድር ተሰናበተ። ዛሬ ተማሪ በኪሱ ውስጥ ሳይ ይዞ ይዞራል፤ ድርሰት ጻፍልኝ ሲለው ይጽፍለታል። ልዩነቱ ግን ይታያል። ሳይ ይለምናል፣ ይከራከራል፣ ያስተምራል፣ ያለቅሳልም። መኪናው ምንም አይፈልግብንም። ምንም የማይፈልግብን እጅ መልስ የምንሰጠው ሰው አያስቀርልንም፤ ያን ጊዜ ጥያቄው መልስ ከማግኘት ይልቅ ተረስቶ ይቀራል።

በሌላ በኩል የራስን እጅ ብቻ ማምለክም ሌላ ጥፋት አለው። የአገራችን ሰንጠረዥ ምስክር ይሁነን። በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲጎበኛቸው፣ ይህን ጨዋታ ይወዱ ነበር። መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ አንድ ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ደንቡን ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፎት ተቀምጧል። በዚያ ደንብ ሲጫወት ያየነው ሰው ግን የለም። ወረቀቱ ገበታ ነው፤ ውስጡ ያለው ሳይ እጅ የሚያውሰው ልጅ ይጠብቃል። ሁላችንም «የራሴን ብቻ» ካልን ብዙ ነገር እንዲሁ ሲጠብቅ ይኖራል።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ያዋሰህን ሰው ስም በአደባባይ መጥራት ትችላለህ ወይ? ሁለተኛ፣ እሱ ሲሄድ በእጅህ የሚቀር ነገር አለ ወይ? ኮራጅ በሁለቱም ይወድቃል። ሂካሩ የሳይን ስም ስለ ደበቀ በመጀመሪያው ይወድቃል፤ በሁለተኛው ያልፋል። የአባት «ልኝ» ደግሞ በመጀመሪያው ያልፋል፤ ሁለተኛው በልጁ ላይ የቀረ ነው።

የገበጣ ጨዋታም ይህንኑ ያስረዳናል። በገበጣ ጠጠሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ የላቸውም። ከጉድጓድ አፍሰህ አንድ በአንድ ስትዘራ በባላጋራህም ቤት ትጥላለህ፤ እሱም መልሶ ይዘራቸዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ «የእኔ» የምትለው ጠጠር የለም። የትኛውን ጉድጓድ እንደምታነሣ የምትመርጠው ግን አንተ ነህ፤ በምርጫውም የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ስለዚህ የኛ አቋም ይህ ነው፤ ጠጠሩ ውሰት ነው፣ ምርጫው ግን የራስ ነው፤ ውሰቱን መናገር ደግሞ ግዴታ ነው። «አባዬ፣ ያንተን ተራ ነው የወሰድኩት» ማለት ይገባል። ከመካከላችን አንዱ «ይሄ በእኛ ቤት በቃል የሚባል አይደለም» አለ። የጤና ትምህርት ከገቡት አንዷ ደግሞ «የናንተስ ደህና፤ እኔ ተራዬን የሰጠሁትን ማን ይነግርልኛል?» ስትል ጠየቀች። ለሷ መልስ አላገኘንም። ያለው አንባቢ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን።